የስልከኛዋ ዘር ቆጠራ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ አትክልት ይኮተኩታል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይካሰሳል። ስልከኛዋ ግን ዘመድ ፍለጋ ገባች። መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው፤ እቤት ቁጭ ብላ ከምትተክዝ ይሻላታል ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ግን ባሏ፣ ያ የረጅም መንገድ ሹፌር የነበረና በትዕግሥቱ የታወቀ ሰውዬ፣ ቁርስ እየጠበቀ «ዛሬስ ስንት ዘመድ ወለድሽ?» ማለት ጀመረ። እሷም አታፍርም። «ገና ማለዳ ነው፣ ታገሠኝ» ትለዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው፤ ያውም በእሷ ሙያ በሚያሳፍር ስህተት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቧንቧ ሠራተኛ ልደውል ብላ ቁጥር ተሳሳተች። ያነሣው ሰው ጨዋታ የጠማው ሽማግሌ ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ልትዘጋ ስትል፣ «ቆይ እስቲ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ነገረችው። የአያቷን ስም ጠየቃት፤ እሱንም ነገረችው። የአያቷን አባት ሲጠይቃት አላወቀችም። ሽማግሌው አወቀ። የእሱ አያትና የእሷ ቅድመ አያት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ቧንቧው እስከ ማታ ሲያፈስ ዋለ፤ ስልከኛዋ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ሳሎን መሃል ቆማ ታለቅሳለች። ለምን እንዳለቀሰች ባሏ ቢጠይቃት፣ «እንጃ፣ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ሳይቀር የሰው አያት ትጠይቃለች። አንድ ሰው አገጩ የአጎቷን አገጭ ከመሰለ አለቀለት፤ ዓይኗን በጨው አጥባ ጠጋ ትልና ታዋራዋለች። ያገባችው ልጇ ለቃው የሄደችው ክፍል ግድግዳው በወረቀት ተሸፈነ። ወረቀቱ ያለፉት ዓመታት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጀርባውን ገልብጣ፣ አንዱን ካንዱ በሙጫ አያይዛ፣ ዘር ማንዘሯን ከኮርኒስ እስከ ወለል አወረደችው። ከየስሙ ሥር አንዳንድ መስመር ትጽፋለች። «ሳቂታ ነበር።» «ሁለት ባል ፈትታ ሦስተኛውን ቀበረች።» «በግ ሲገዛ የሚያታልሉት።» ልጇ ከቢሮዋ ስትደውል የእናቷ ስልክ ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው። «እማዬ፣ ለሞቱት ጊዜ አለሽ፣ እኔ ግን ተራ ላገኝ አልቻልኩም» ብላ አንድ ቀን ተቆጣቻት። ስልከኛዋ በጣም አዘነች፤ ይቅርታም ጠየቀች። እግረ መንገዷን ግን የልጇ ባል እናት የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቀቻት።

ባሏም የበኩሉን ይላል። ድስት ሲያርር ከሳሎን ሆኖ፣ «ለምንጅላቶችሽ ሰላምታ አቅርቢልኝና፣ ምሳው ተቃጠለ በያቸው!» ይላታል።

እርግጥ ነው፣ ሰው ማገናኘት ሙያዋ ነው። በወጣትነቷ የሠራችው በዚያ በድሮው የስልክ ማዞሪያ ክፍል ነበር። ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው፣ ማዳመጫ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ይሰካሉ። ከሌላ ከተማ ማዞሪያ ካሉት ስልከኞች ጋር ቀኑን ሙሉ ይነጋገራሉ፤ ባል ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ ሲፋቱ ወሬው ይደርሳቸዋል፤ መልክ ለመልክ ግን አይተዋወቁም። አለቃቸው ቀጭንና ቁጡ ሴት ነበረች። ትእዛዟ አንድ ነው፦ አገናኝታችሁ ውጡ። ሁለቱ ሰዎች ድምፅ ለድምፅ ከተሰማሙ በኋላ «ተገናኝታችኋል፣ ተነጋገሩ» ብሎ ማዳመጫውን መዝጋት ነው። ሰው ሲነጋገር ጆሮዋን የጣለች ልጅ በዚያው ቀን ቦርሳዋን ይዛ ትሄዳለች። ስልከኛዋ አንድም ቀን አድምጣ አታውቅም። የከተማው ሰው ሁሉ ምሥጢር በእጇ አልፏል፤ አንዱንም አታውቀውም።

ግድግዳው ላይ ያለው ዛፍ በአባቷ በኩል ለምለም ነው። ወንዶቹ ቀላል ናቸው። ልጅ ከአባቱ ስም ጋር ስለሚጠራ አንዱን ከያዙት ሌላው ተጎትቶ ይመጣል። ሴቶቹ ናቸው ፈተናዎቹ። ሴት ከአባቷ ቤት ትወጣለች፣ ባሏ ቤት ትገባለች፣ ልጆቿ በባሏ ስም ይጠራሉ፤ ትንሽ ቆይቶ መኖሯን የሚያስታውስ ይጠፋል። በእናቷ በኩል ደግሞ ጭራሽ የሚጎተት ነገር የለም። እዚያ ጋ ወረቀቱ ነጭ ነው። ስልከኛዋ ከመላው ዘመዶቿ ይልቅ ያን ነጭ ቦታ ስታይ ነው የምትውለው።

እናቷ እዚያው ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ትኖራለች። እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ አፏ ግን ደህና ነው። ስለ ልጅነቷ የምትናገረው በጣም ጥቂት ነው። የወተት ጥርሷ ገና ሳይወልቅ፣ አንድ ጠዋት የገዛ እናቷ፣ የስልከኛዋ አያት፣ ታላቅ እህቷን ይዛ ከቤት ወጣች፤ እሷን ግን ከአባቷ ጋር ተወቻት። ሁለቱም ተመልሰው አልመጡም። ለምን እንደሄዱ አባቷ አልነገራት፤ የእንጀራ እናቷም ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን አልነገረቻትም። ይኸው ነው።

ስልከኛዋ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠይቅ ኖራለች። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ካሏት አንዷን መርጣ እንዴት ትሄዳለች? ራሷ ከወለደች በኋላ ጥያቄው ባሰባት። ይህን ሳላውቅ ብሞት ዓይኔ አይከደንም ትላለች፤ ከእናቷ በላይ ነው የሚቆጫት።

«እማዬ፣ ምን መስሎሽ ነው ግን?»

«ምንም አልመሰለኝም።»

«ተጣልተው ይሆን?»

«የሄደ ሄደ። አርፈሽ ተቀመጪ። ደግሞ መጋረጃውን ሳቢልኝ፣ ፀሐዩ ፊቴን ጠበሰኝ።»

ባሏ «ሴትዮዋን አትነካኪያት» ይላታል። ስልከኛዋ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፍለጋዋን ቀጠለች። የድሮ የሥራ ባልደረቦቿን፣ እነዚያን መልካቸውን አይታ የማታውቃቸውን የሌላ ከተማ ስልከኞች፣ አንድ በአንድ እየፈለገች ነገረቻቸው። እነሱም እንደሷ ጡረታ ወጥተው ወሬ የናፈቃቸው ናቸው። የእናቷ ታላቅ እህት ምናልባት በእነሱ አካባቢ ሳትሆን አትቀርም፣ በሕይወት ካለች በጣም አርጅታለች፣ ከእህቷ ተነጥላ ያደገች ናት፤ ከዚህ ሌላ የምትሰጣቸው ምልክት አልነበራትም።

ወራት ሄደ። አንድ ቀን ከሩቅ ከተማ ካሉት ስልከኞች አንዷ ደወለች።

«ስሚኝማ፣ ዛሬ ጉድ ገጠመኝ። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ይዤ ቆሜ፣ ከኋላዬ ‹ልጄ፣ ተራው የማን ነው?› የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ዞርኩ። ወይ ሳትነግረኝ መጣች ብዬ! ዞሬ ባይ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ በምርኩዝ የቆሙ።»

«ታዲያስ?» አለች ስልከኛዋ፤ ወንበር ሳበች።

«ታዲያማ ጠየቅኳቸዋ! ‹እህት ነበረችኝ፣ ትንሽ ልጅ ሆና ነው የተለየኋት› አሉ። እኔ መልክሽን አላውቅም፤ ድምፅሽን ግን ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ፣ አይጠፋኝም። የእሳቸው ድምፅ ያንቺ ነው። የልጃቸውን ስልክ ተቀብያለሁ፣ ጻፊው።»

ስልከኛዋ ድምፅዋ ከማንም ዘመዷ ጋር እንደማይመሳሰል ታውቃለች። የእናቷ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የእሷ ጎላ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ትንሽ ጎርነን የሚል ነው። በማዞሪያው ዘመን ደዋዮች «ያቺ ባለድምፅዋ ታገናኘኝ» ይሉ ነበር። ከየት እንዳመጣችው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት አክስቷ ስልኩን አንሥተው «አቤት» ሲሉ ነው። ራሷን ያነጋገረች ያህል ደነገጠች። ከዚያ ተንፈቅፍቃ አለቀሰች፤ ወዲያ ማዶም እንደዚያው ሆነ።

በነጋታው እናቷን አጣጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻት። ነገሩን ቀስ ብላ ነገረቻት። እናቷ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ታሻሻለች። ስልከኛዋ የቤቱን ስልክ ገመዱን እየጎተተች እናቷ ክፍል አስገባች። ደወለች። አክስቷ አነሡ። መነጋገሪያውን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችና፣ በዚያ በሥራ ድምፅዋ፣ «ተገናኝታችኋል፣ ተነጋገሩ» ብላ ወጣች። በሩንም ዘጋችው።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ይህን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራ፣ በገዛ እግሯ ጥላው ወጣች። ለካ እጇና እግሯ ከእሷ ሳያማክሩ የለመዱትን ይሠራሉ። ተመልሳ ልትገባ የበሩን እጀታ ያዘች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማት፤ «እትዬ» አለች። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። ስልከኛዋ ያን ድምፅ ከእናቷ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ አፈረች፣ እጀታውን ለቀቀችው፣ ወደ ጓዳ ሄዳ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች።

እናቷ ስትጨርስ ገብታ፣ «ምን አለችሽ?» አለቻት።

«ጉልበቷን ያማታል።»

«ሌላስ?»

«እዚያም ዝናብ ነው።»

ሆዷ አልቻለላትም። በማግስቱ እናቷ ስትተኛ ራሷ ለአክስቷ ደውላ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። አክስቷ በዚያ በራሷ ድምፅ መለሱላት።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ነገሩ የእህቴ ነው። እሷ ትጠይቀኝ፣ ለእሷ እነግራታለሁ። አንቺ ደግሞ ከእሷ ትሰሚያለሽ። እኔ ሳትጠይቀኝ ልነግራት አልፈልግም፤ ካልፈለገች በእርጅናዋ ለምን አስለቅሳታለሁ?»

«እሺ፣ እትዬ። እንዳሉ» አለች ስልከኛዋ። ሌላ ምን ትላለች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እናቷ አልጋ አጠገብ ቀረ፤ እሷም በየጊዜው «አገናኚኝ» ማለት ለመደች። ሲደወልላት ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ ልጇ እስክትወጣ አትናገርም። ስልከኛዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳቅ ትሰማለች፣ ለረጅም ጊዜ ሹክሹክታ ትሰማለች። ገብታ ስትጠይቅ የምታገኘው ስለ ጥርስ፣ ስለ መነጽር፣ ስለ አንዲት ድመት ነው። እየደበቁኝ ነው ብላ አመነች። በዓለም ላይ የሌለ ዘመድ ፈልጋ አግኝታ፣ የገዛ እናቷ ደጅ ላይ ቀረች። ሆድ ባሳት። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሲያገኛት አይቀልድባትም፤ በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ አድርጓት ያልፋል።

አክስቷ የሞቱት በእንቅልፋቸው ነው። ልጃቸው ደውላ ነገረቻት፤ ቀብሩም አልፏል። ስልከኛዋ ባሏን ጓዳ ውስጥ ጠርታ በሩን ዘግታ ነገረችው።

«እንዳትነግሪያት» አለ። «ስለ ልቧ ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሻል። ይህን አትችለውም።»

«ስትጠይቀኝስ?»

«ተበላሽቷል በያት።»

እናም ተበላሽቷል አለቻት። መስመሩ ነው፣ ዝናቡ ነው፣ እየጠገኑት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሁሉ መስመር ስታቃና የኖረች ሴት ለእናቷ መስመር የለም አለቻት። እናቷ መጀመሪያ ታገሠች። ቀጥሎ ዝም አለች። ቀጥሎ ምግብ ቀነሰች፤ ከዚያ ጨርሶ ተወችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልከኛዋ ሾርባውን በማንኪያ ይዛ ስትለምናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መስመሩ አይደለም» አለች። «አውቄዋለሁ። ትታኝ ነው። ያን ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ፤ ሳይነግሩኝ።»

ስልከኛዋ ማንኪያውን አስቀመጠች። ጓዳ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ከልብስ ማስጫው ሥር ቆመች። ባሏ የታጠቡ አንሶላዎች እያሰጣ ነበር። ሞባይሏን አውጥታ የገዛ ቤቷን ቁጥር ስትደውል አየና ገባው፤ ልብሱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ።

ውስጥ ስልኩ ጠራ። ብዙ ጠራ። በመጨረሻ ተነሣ።

«ሃሎ?» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ አቅም የለውም።

«እኔ ነኝ» አለች ስልከኛዋ።

«እትዬ!» አለች እናቷ። «እትዬ፣ ምነው ጠፋሽ? እኔኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ!»

«ምን አድርገሽኝ እቀየምሻለሁ? መስመሩ ተበላሽቶ ነው እንጂ። ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴን ተይው። ጉልበትሽን ስጠይቅሽ፣ ጉልበቴን ስትጠይቂኝ ነው ያለቅነው።» እናቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በደወልሽ ቁጥር ዛሬ እጠይቃታለሁ እላለሁ፤ ከዚያ እፈራና ስለ ድመትሽ እጠይቅሻለሁ። ልጄም ስትነዘንዘኝ ኖረች፤ እሷ የማልፈልግ ይመስላታል።»

ስልከኛዋ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ያዘች። ለካ ከዚያ ከተዘጋ በር ወዲያ ምንም አልተደበቃትም። እናቷ አልጠየቀችም፤ አክስቷም ስላልተጠየቁ አልተናገሩም። ያ ሁሉ ሹክሹክታ ስለ ድመት ነበር። መልሱን የሚያውቁት አክስቷ ብቻ ነበሩ፤ ይዘውት ሄዱ።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

«እማዬ አንቺን ይዛ ስትሄድ እኔን ለምን ተወችኝ?» አለች እናቷ። «አስቸግር ነበር?»

ይህ ጥያቄ የእሷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንገበገባት፣ ሰው ሁሉ እየጠየቀች ያሰለቸችበት ጥያቄ፣ አሁን ከገዛ እናቷ አፍ ወጥቶ መልስ ከእሷ ይጠብቃል። አታውቀውም። አሁን ደግሞ ማንም አያውቀውም። እናቷ ወዲያ በኩል ትንፋሿን ይዛ እንደምትጠብቅ ይሰማታል።

«ኧረ በፍጹም» አለች በመጨረሻ፣ በዚያ ጎላ ባለ ድምፅዋ። «አንቺ ደግሞ መቼ አስቸግረሽ ታውቂያለሽ? ተኝተሽ ነበር።»

«ተኝቼ?»

«ተኝተሽ። ማለዳ ነበር፣ ገና አልነጋም። እማዬ ልትቀሰቅስሽ ጎንበስ አለች፤ እንቅልፍሽን ስታይ አልጨከነችም። ሲነጋ ተመልሼ እወስዳታለሁ አለች። መንገዱ አልመለሰንም እንጂ እሷስ ልትመለስ ነበር። ስትሞትም ‹ሳልቀሰቅሳት› እያለች ነው።»

ስልከኛዋ ዓይኗን ጨፍና ቆመች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ወዲያ አጥሩ ጥግ ባሏ እርጥቡን አንሶላ ታቅፎ መሬት መሬት ያያል።

«እንቅልፌ ከባድ ነበር» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «አባቴም ይለኝ ነበር። ቤት ቢቃጠል አትነሺም ይለኝ ነበር።» ከዚያ ሳቀች፤ ደካማ ሳቅ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። «በይ ዝጊው፣ ደክሞሻል። ድምፅሽ ደክሟል።»

ስልከኛዋ ፊቷን በአንሶላው ጫፍ ጠርጋ ስትገባ እናቷ እየጠራቻት ነበር፤ ለዚያውም በጩኸት። ትራሱ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«የት ሄደሽ ነው? ነይ! እህቴ ደወለች። መስመሩ ተሠርቶላታል።»

«እውነት? እሰይ።»

«ያን ስትነዘንዢኝ የኖርሽውን ነገር ጠየቅኳት። ነገረችኝ። አምጪ፣ ያን ወረቀትሽን አምጪና ጻፊው።»

ስልከኛዋ ልጇ ክፍል ገባች። ነጩ ቦታ ያለበትን ወረቀት ከግድግዳው ቀስ አድርጋ ነቀለች፤ ሙጫው ትንሽ ቀለም ይዞ ወጣ። እስክሪብቶም ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማዬ?»

«‹ተኝታ ስለነበር ነው› ብለሽ ጻፊ። ‹ልትቀሰቅሳት አልጨከነችም› በይ።» እናቷ እየጻፈች መሆኗን ለማየት አንገቷን ሰገግ አደረገች። «‹አታስቸግርም ነበር› የሚለውንም ጨምሪበት።»

ስልከኛዋ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ የኖረው ቦታ ጠባብ ስለነበር የመጨረሻው ቃል ወደ ጠርዙ ወጣ። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ ፊደሎቹን ግን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው።

«በይ አንብቢልኝ» አለች።

ስልከኛዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበችላት።

«እንደገና» አለች እናቷ።